እንግሊዞቹ ሻይ ላይ ናቸው

ቅርንፉድ የበዛበት ሻይ ፊቴ ሲቀመጥ ወዲያው አላነሳውም። ባለፈው ሳምንት አስኮ ታክሲ ጠብቄ ሲሰለቸኝ አንዲት ትንሽ ሻይ ቤት ገባሁ፤ አስተናጋጇ ያመጣችልኝ ሻይ ሽታው ገና ከሩቅ አወቀኝ። እስኪበርድ ብዬ ስልኬን ብከፍት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግሩፓችን ላይ ሥዕል ልኳል፤ የሚቃጠል ታንክ አጠገብ እግሩን አነባብሮ ሻይ የሚጠጣ የእንግሊዝ ወታደር። ሥሩ የሳቅ ምልክት ተደርድሮበታል። የጦርነት ጌም የሚጫወቱ ሰዎች ይህን ቀልድ አይጠግቡትም፤ እንግሊዝ ጥይት እየዘነበበት እንኳ የሻይ ሰዓቱን አያሳልፍም ነው ነገሩ። እኔ ቀልዱን ከእነሱ በፊት አውቀዋለሁ። ያወቅኩት ግን ቀልድ መሆኑን ሳላውቅ ነው። እንዴት ብትለኝ ልንገርህ።

ያደግኩት ቡራዩ ነው፤ ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ። እኛ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ሸሽተን የመጣን ተከራዮች ነበርን፤ አከራዮቻችን ደግሞ እዚያው ተወልደው ያረጁ፣ ጥቂት ላሞች ያሏቸው ሰዎች። ልጃቸው እኩያዬና ጓደኛዬ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤት ብየዳ ቤት የግራይንደሩ ጩኸት ይጀምርና የተቃጠለ ብረት ሽታ ከእርጥብ አዛባ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ በመስኮት ይገባል። የሰፈሩ ልጆች በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ ኳስ ይራገጣሉ። ጓደኛዬ ግን ኳስ አይችልም። በልጅነቱ ጉሮሮውን ደጋግሞ ሲያመው የነበረው ነገር ወደ ልቡ ዞሮ ቫልቩን አበላሽቶበታል። ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች ልቡን እስኪጠግኑለት ድረስ ተራ ይጠብቅ ነበር። ያ ተራ ካልደረሰው እንደማይተርፍ እናቱም እሱም እኔም እናውቅ ነበር፤ አናወራውም እንጂ።

አጎቱ ለአንድ ፈረንጅ ሾፌር ነበር። ፈረንጁ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲያከፋፍል ለአጎቱ ከደረሱት ነገሮች መሃል አንድ የጦርነት ጨዋታ ካርቶን ነበረበት። ውስጡ የታጠፈ ትልቅ ካርታ፣ ሁለት ዳይስ፣ የሕጉ መጽሐፍና ወታደርና ታንክ የተሳለባቸው ትንንሽ ወረቀቶች ነበሩ። ወረቀቶቹን አይጥ ስለጨረሰቻቸው በቆርኪ ተካናቸው። የቢራው ቆርኪ ጀርመን ሆነ፣ የለስላሳው እንግሊዝ። እሱ ሁልጊዜ እንግሊዝን ነበር የሚይዘው።

እንግሊዝን የሚይዝበት ምክንያት ነበረው። ከሕጉ መጽሐፍ በአንዱ ገጽ ግርጌ፣ ለብቻው በተሰመረ ሳጥን ውስጥ እንዲህ የሚል ነገር ነበር፤ የእንግሊዝ ጦር አራት ሰዓት ላይ ሻይ ይጠጣል፤ ጠጥቶ እስኪጨርስ አይንቀሳቀስም፣ ተራውም ያልፈዋል፤ ጨዋ ጠላት ደግሞ በዚያ ሰዓት አይተኩስበትም። ጸሐፊው እየቀለደ ነበር። እኛ ግን በዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛችን፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥን ነው የተረጎምነው፤ የትኛው ቃል ቀልድ እንደሆነ ደግሞ መዝገበ ቃላት አይነግርህም። ሕግ ነው ብለን ተቀበልነው። አራት ሰዓት ሲባልም ያው የእኛን አራት ሰዓት ነው ያሰብነው፤ ረፋድ ላይ፣ ትምህርት ቤት የእረፍት ደወል የሚደወልበትን።

እናም ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሰዓት ሲሆን ጦርነቱ ቀጥ ይላል። ጓደኛዬ ወደ ጓዳ ዞሮ «እንግሊዞቹ ሻይ ላይ ናቸው» ይላል፤ እናቱ ያንን ቅርንፉድ የሞላበት ሻይ ይዘው ይመጣሉ። ጨዋታውን አይወዱትም ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ዘምቶ ሳይመለስ ቀርቷል፤ የወታደር ልብስ ለብሶ የተነሳው ፎቶ ካርታችንን ከምንዘረጋበት ጠረጴዛ በላይ ተሰቅሎ ነበር። «ሰው የሚያልቅበት ነገር እንዴት ጨዋታ ይሆናል?» ይሉና ትሪውን አስቀምጠው ይወጣሉ። እኛ ብርጭቆውን በሁለት እጃችን ይዘን የእንግሊዝ መኮንን መስለን እንጠጣለን። የእንግሊዝ መኮንን ሲጠጣ እንዴት እንደሚመስል አናውቅም፤ ትንሿን ጣት ማንሳት ብቻ የሆነ ቦታ አይተናል።

አንድ ቀን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን የፈረንጅ አራት ሰዓት ከሰዓት በኋላ ከሆነ የእኛ አስር ሰዓት መሆኑን አስረዳን። ሮጬ ሄጄ ነገርኩት። እስኪያስለው ሳቀ።

«እስከዛሬ ያለ ሰዓታቸው ነዋ የምናጠጣቸው» አለ። ቀጥሎ ደግሞ ትንሽ አሰበና «ስለዚህ ሁለት አራት ሰዓት አለን። የእኛም፣ የእነሱም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ እንግሊዞች በቀን ሁለቴ ጠጡ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ ሰዓት መጠበቁም ቀረ። ዳይሱን ይይዝና ሳይጥለው ይቀራል፤ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። «ሻይ» ይላል። ገና ሦስት ሰዓት አልሆነም እኮ ስለው «ሰዓቴ አራት ላይ ቆሟል» ይለኛል፤ ሰዓት እንኳን የለውም። እኔም «ጨዋ ጠላት ነኝ፣ አልተኩስም» እለውና ትንፋሹ እስኪመለስ ወደ መስኮቱ ዞሬ ብየዳ ቤቱን አያለሁ። እንደገባኝ ያውቅ ነበር። አመመኝ ማለት አይወድም፣ እኔም አመመህ ወይ ማለት አልወድም፤ ያ ሕግ ባይኖር ምን እንደምንባባል አላውቅም። የጀርመን ጦሬ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ አንዲት ከተማ መያዝ አቅቶት እዚያው ድልድይ ላይ ቆሞ ቀረ።

ሐኪሞቹ መጡና ተራው ደረሰ። እናቱ አዲስ ፒጃማ ገዝተውለት ነበር። እኔም አብሬ ሄድኩ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ ስሙ ሲጠራ እናቱ መቀነታቸውን ሁለት ጊዜ ፈትተው አሰሩ። ሌሊቱን ግን ትኩሳት ይዞት ነበር። ነርሷ ለካችው፣ ሌላ ሐኪም ጠርታ አስለካችው። ትኩሳት ላለው ሰው ልብ አይከፈትም፣ ለሚቀጥለው ዙር ይሁን አሉ። ለእናቱ በአማርኛ ነገሯቸው፣ ከዚያ አንዱ በኦሮምኛ ደገመላቸው፤ በሁለቱም ቋንቋ ያው ነበር።

ወደ ቡራዩ በሚመለሰው ሚኒባስ እናቱ ከፊት ወንበር፣ እኛ ከኋላቸው ተቀመጥን። ዝናብ ያካፋ ነበር። ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ «ተራዬ አለፈኝ» አለ። ወደ እኔ ሳይዞር ደግሞ «ሻይ ላይ ነበር በላቸው» አለኝ። መጀመሪያ እሱ ሳቀ፣ ከዚያ እኔ፤ ተሳፋሪው ሁሉ እስኪዞርብን ድረስ ሳቅን። እናቱ ፊታቸውን አዙረው አዩን።

ክረምቱ ከበደበት። ካርታውን አልጋው ላይ እዘረጋለት ነበር፤ በኋላ ዳይሱንም እኔ እጥልለት ጀመር፤ በመጨረሻ ቆርኪዎቹን ጎኑ ላይ እንደተደረደሩ ትተናቸው ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እናዳምጥ ነበር። ሐኪሞቹ ከመስቀል በኋላ ይመለሳሉ ተብሎ ነበር። እሱ በነሐሴ ሞተ። ናፈቀኝ ብልህ ያንሳል፤ እስከ ዛሬ ድረስ የሚያስቅ ነገር ሳይ ለሱ ለመንገር አፌን የምከፍትበት ጊዜ አለ።

አርባው ካለፈ በኋላ፣ እኛም ያንን ቤት ልንለቅ ዕቃ በምንጠቀልልበት ሰሞን፣ እናቱ በራችን ላይ መጥተው ቆሙ። ጥቁር ልብሳቸው በእሳት ዳር መዋል አመድ መስሏል።

«ኢልማ ኮ፣ ና እስቲ» አሉኝ። «ያንን ጨዋታ አሳየኝ።»

ልጄ ሲሉኝ ነው። ገብቼ ካርታውን ዘረጋሁ፤ ቆርኪዎቹን እሱ በሚያስቀምጣቸው ቦታ ደረደርኩ። ማዶ ለማዶ ተቀመጥን። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ አንድ በአንድ ተከታተሉኝ። የትኛው ጀርመን፣ የትኛው እንግሊዝ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«እሱ የትኛው ነበር?»

«እነዚህ፣ እትዬ። የለስላሳዎቹ።»

«ያን ዕለት ታክሲው ውስጥ እንዲያ ያሳቃችሁ ምን ነበር?»

ቀልድ ማስረዳት ከባድ ነው፤ ላዘነ ሰው ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለ ሳጥኑና ስለ አራት ሰዓቱ ነገርኳቸው። ዓለም ሁሉ በእንግሊዞች እንደሚስቅ፣ ሰው ሲዋጋ እነሱ ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ እንደሚባል ነገርኳቸው።

«ጦርነቱ መሃል?» አሉ።

«አዎ እትዬ። ጥይቱ እየተተኮሰ።»

ከለስላሳዎቹ ቆርኪዎች አንዱን አንስተው አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው እዚያው ቦታው ላይ አስቀመጡት።

«ታዲያ ይሄ ምኑ ያስቃል?» አሉኝ። «ደክሟቸው ነው እንጂ።»