ባዶውን ላኪልኝ ያልኩት የምሳ ዕቃ

ልጄ ለትምህርት ወደ ደሴ ልትሄድ ባለችበት ሰሞን በስልኳ አንድ ነገር አሳየችኝ። ጃፓን ነው አለችኝ። ትልቅ ሱቅ ውስጥ፣ አሳንሰር በር ላይ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀች ሴት ለሚገባው ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለች እጅ ትነሳለች።

«ሥራዋ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ስንተኛ ፎቅ እንደደረሱ ትነግራቸዋለች።»

«ማሽኑ ራሱ አያውቅም?»

«ያውቃል እንጂ እማ። የድሮ ሥራ ነው፤ አንዳንድ ቦታ አልቀረም።»

«ሰው እኮ ሲሄድ አይዞህ የሚለው ይፈልጋል።»

ሳቀችብኝ። «አንቺን አሳንሰሩም ያስፈራሻል!»

አልዋሸችም። እኔ እሳት ማጥፋቴን ለማየት ከበር የምመለስ ሰው ነኝ። ሌሊት ነፋስ ቆርቆሮውን ካንኳኳው እስኪነጋ ዓይኔ አይከደንም። እንዲህ ያለች እናት ልጇን ብቻዋን ልትልክ ነው።

የእኛ ከተማ ቆቦም እንደዚያች ሴት ያሉ ሰዎች አሏት። ውሃ በአህያ ጋሪ የሚያዞረው አለ። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጦ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፈው አለ። ሁሉም ኪስ ውስጥ ስልክ አለ፣ ሥራው ግን አልቀረም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጡብኝ መናኸሪያ የሚውሉት ሽማግሌ ናቸው። ከተማው ሁሉ «አያ» ነው የሚላቸው። ሥራቸው አደራ መቀበል ነው። ዕቃ የሚልክ ሰው ለእሳቸው ይሰጣል፣ እሳቸው ለመኪናው ረዳት ይሰጣሉ፤ ከወዲያ የሚመጣውንም ተቀብለው ለባለቤቱ ያደርሳሉ። ወረቀት ላይ አይጽፉም። ላኪው ከቤቱ ቁራጭ ጨርቅ ያመጣል፣ እሳቸው የዕቃው እጀታ ላይ ያስሩታል። በጨርቁ ነው የሚለዩት።

የሰው አደራም ይቀበላሉ። ልጄ የምትሄድ ዕለት ጠዋት ረዳቱ ከኋላ ወንበር ሊያስቀምጣት ሲል፣ አያ በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው ጮኹ።

«አንተ! ይቺ ልጅ ሻንጣ ናት እንዴ ከኋላ የምትጭናት? እዚያች እናት አጠገብ አድርጋት!»

ነጠላ የደረበች ሴትዮ ወንበሯን ጠጋ አለችላት። አያ ለሴትዮዋ «አደራ በሰማይ አደራ በምድር» አሏት። ሴትዮዋም «እኔም እናት ነኝ አያ፣ እስከ ወልድያ ከጎኔ አትለይም» አለች። ከወልድያ ወዲያ ልጄ ሌላ መኪና ትይዛለች። ከዚያ በኋላ ከጎኗ ማን እንደሚቀመጥ ማንም አያውቅም።

የመንገድ ምሳዋን በምሳ ዕቃ ቋጥሬላት ነበር፣ የማሽላ እንጀራ ፍርፍር። ሲመለስ እንዲለይ፣ ከአሮጌ የትምህርት ቤት ልብሷ የቀደድኩትን ሰማያዊ ጨርቅ አያ እጀታው ላይ አሰሩት። በጆሮዋም ነገርኳት፦ «ኔትወርክ እንደሆነ እየመጣ ይሄዳል። አከራይሽ ቤት ስትገቢ ዕቃውን በሚመለስ መኪና ላኪልኝ። ባዶውን ላኪልኝ። ባዶ ከመጣ በልተሽ፣ ደርሰሽ፣ ደህና መሆንሽን አውቃለሁ።»

«እሺ እማ፣ ባዶውን» አለች። መኪናው በወልድያ መንገድ ወደ ሮቢት አቅጣጫ ሲታጠፍ እጇን በመስኮት አውጥታ ነበር። እጅሽን አስገቢ እያልኩ ስጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ጠፋ። በማግስቱም የለም። ገበያ ስሄድ አንዷ ከወልድያ ወዲያ መንገድ ተዘግቷል አለች፣ ሌላዋ አልተዘጋም አለች። ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ ባዶ ዘንቢል ይዤ ተመለስኩ። ስልኩን መስኮት ላይ ባደርገው፣ ከውጭ አጥሩ ላይ ባደርገው፣ ያው ነው። ጎረቤቴ «አብሽሪ፣ ኢንሻአላህ ደርሳለች» ትለኛለች። አብሽሪ ባለችኝ ቁጥር ተነስቼ እወጣለሁ። መናኸሪያ ተመላልሼ አያን አሰለቸኋቸው።

«መኪናውን በዓይንሽ ጎትተሽ አታመጪው፣ ተቀመጪ።»

እኔ ደግሞ አልቀመጥም። ከወልድያ የሚመጣ ሚኒባስ ሁሉ ሲቆም እጀታ እጀታውን አያለሁ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሰማያዊውን ጨርቅ አየሁት። የዚህኛው መኪና ረዳት ከጣራ ሳይሆን ከወንበር ሥር አውጥቶ ለአያ ሰጣቸው። ከእጃቸው ነጠቅኳቸው ማለት ይቻላል። ከበደኝ። ክዳኑ እንደ ተዘጋ ነው። ወዘወዝኩት፣ ድምፅ የለውም፣ ጢም ብሏል።

«ልጄ የት አለች?» አልኩት ረዳቱን።

«የምን ልጅ?»

«ዕቃውን የሰጠችህ!»

«እኔ ወልድያ ላይ ከሌላ ረዳት ነው የተቀበልኩት፣ እናቴ። ጨርቁን አይቼ ለአያ ነው አልኩ እንጂ ሌላ አላውቅም።»

ወልድያ ላይ። መንገዱ ተዘግቶ ወልድያ ላይ ቀርታለች። አልበላችም። ምሳዋ እንደ ተቋጠረ ዕቃው ብቻውን መጣ። ከዚህ ሌላ ወደ አእምሮዬ ምንም አልመጣም። ሻንጣ ላይ ተቀመጥኩ፣ የማን እንደሆነም አላየሁ።

አያ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። «ክፈቺው እስቲ።»

«አልከፍትም።»

«ለምን?»

«ባዶውን ላኪ ብያት ነበር፣ አያ። ሙሉ ከመጣ ምን ማለት ነው?»

አያ አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። ረዳቱን ጠሩት፦ «ና ስማ! ይቺ ሴትዮ ባዶ ዕቃ ላኪ ብላ ልጇን አዝዛ ነው የላከቻት!» ወደኔ ዞሩ። «እንዴ አንቺ! የሰው ዕቃ ባዶውን መልሰሽ ታውቂያለሽ? የጎረቤት ሳህን ስትመልሺ ቢያንስ ጨው ጣል አታደርጊበትም? ታዲያ ልጅሽን ያስጠጋቻት ሴት ካንቺ ታንሳለች?»

እኔ ራሴ ባዶ ዕቃ መልሼ አላውቅም። ልጄም ባዶውን ልትልክ ብትል አከራይዋ እንደማትፈቅድላት ማሰብ ነበረብኝ። ክዳኑን ከፈትኩት። በላስቲክ የተጠቀለለ የገብስ ዳቦ ነው፣ ወፍራም፣ የደጋ ዳቦ። ዕቃው ታጥቧል፣ ፍርፍሩ የለም።

እንደዚያም ሆኖ ልቤ አልረጋም። ዳቦ ማንም ይልካል። ወልድያም ዳቦ አለ። ላስቲኩን ፈታሁትና አገላበጥኩት። አንዱ ጠርዝ ተቆርሷል። በቢላ አይደለም፣ በጣት፣ ከቅርፊቱ በኩል።

ልጄ ከልጅነቷ ዳቦ ለሰው አድርሺ ተብላ ጠርዙን ሳትቆርስ አድርሳ አታውቅም። ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ፣ ያስነውራል ብያታለሁ። ለእናቷ የተላከውንም አልማረችውም።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

አያ ጠርዙን አዩት። «አይጥ ነው?»

«ልጄ ናት።»

«ወላሂ ደህና ናት ማለት ነው» አሉና ተነሡ። ከዋጃ የመጣ መኪና ቆሞ ሰው እየጠራቸው ነበር። ለእሳቸውና ለረዳቱ ከዳቦው ቆረስኩላቸው። ረዳቱ እያኘከ «ለሚቀጥለው ሙሉውን እንዲልኩ ንገሪያቸው» አለ።

ቤት ስደርስ የምሳ ዕቃውን አጥቤ ዘቅዝቄ አስቀመጥኩት። ባዶውን አልመልሰው ነገር! ያን ቀን ከሰዓት በሶ በቅቤ እያሸሁ ጭኮ ማዘጋጀት ጀመርኩ፣ አንዱን ለአከራይዋ፣ አንዱን ለልጄ እያልኩ። ሰማያዊው ጨርቅ እጀታው ላይ እንደታሰረ ነው። ቋጠሮው ላልቶ ይሆን ብዬ ደጋግሜ ነካካሁት። ነገ በጠዋቱ መኪና ይሄዳል፣ እኔም ከጠዋቱ መኪና ቀድሜ መናኸሪያ እገኛለሁ። አያ ያዩኝና «ደግሞ መጣሽ?» ይሉኛል።