ባለ አሻራው አሳይመንት

ሁለት ዓመት አለፈው። የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል አንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። ዛሬም «ምንጭ ጥቀሱ» ሲባል አንገቴን እደፋለሁ።

መምህራችን ስለምናውቀው ነገር ሁለት ገጽ እንድንጽፍ አዘዘን። «ማን እንዳለው ያልተጠቀሰበት ጽሑፍ ስርቆት ነው፤ ዜሮ ነው» አለ። እኔ የጅጋ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ስለ ጤፍ አዘራር ጻፍሁ። ገጹ አልሞላ ቢለኝ መጨረሻ ላይ ትንሽ ጨመርሁበት።

በእኛ አገር ወረቀት የሚታመነው ከሥሩ ሦስት ምስክር ሲኖረው ነው። ቅዳሜ ቤት ሄጄ «ምስክር ካላቀረብሽ ሌባ ነሽ ይላል መምህሩ» ብዬ ለአባቴ ነገርሁት። ደነገጠ። «ከእኛ ዘር ሌባ አልወጣም» አለና አጎቴን አያ ደሴንና ጎረቤታችንን አያ ምናለን ጠራ። ስለ ጤፍ የነገሩኝ እነሱው ናቸው። ከቀበሌ በተዋስነው ቀለም ሦስቱም አውራ ጣታቸውን ከጽሑፌ ሥር አሳረፉ።

መምህሩ ወረቀቱን አገላብጦ አገላብጦ «ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ምንጬ ነው።»

«ምኑን አጣራዋለሁ? እስከ ዓርብ አስተካክይ፤ አለዚያ ዜሮ ነው።»

እያለቀስሁ ለአባቴ ደወልሁ። «ምስክሮቹን አላመናቸውም» አልሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ዓርብ ጠዋት ሦስቱም ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ቢሮው በር ላይ ቆመዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

«የኔታ፣ ልጅቱ አልሰረቀችም። የነገርናት እኛ ነን፤ ማሉ ካሉንም እንምላለን» አሉ አያ ደሴ።

መምህሩ በዕድሜ ልጃቸው ይሆናል። ተነስቶ አስቀመጣቸውና ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጽሑፌን በአማርኛ ያነብላቸው ጀመር።

«ማሳው አምስት ጊዜ ይታረሳል። ብለዋል?» አላቸው አያ ደሴን።

«ብያለሁ።»

«ከመዘራቱ በፊት ከብት ተነድቶበት ይረገጣል። ብለዋል?»

«ብያለሁ።»

ዳንሁ ብዬ ነበር።

«ጤፍ በመስመር ሲዘራ ምርቱ እጥፍ ይሆናል። ብለዋል?»

አያ ደሴ አባቴን አዩት። አባቴ እኔን አየኝ።

«ይኸንስ አላልሁም። በመስመር ዘርቼም አላውቅ። ይኸ የሌላ ሰው ቃል ነው፣ የኔታ።»

ያችን አንቀጽ ከስልኬ ነበር የገለበጥኋት። ያስመጣኋቸው ምስክሮች በእኔው ላይ መሰከሩ።

መምህሩ ዜሮ አልሰጠኝም። አንቀጿን አስወጥቶ፣ ሰው በቃል የነገረን እንዴት እንደሚጠቀስ አሳየኝና ከሃያ አሥራ ሦስት አገኘሁ። አባቴ ግን እስከ መናኸሪያ ድረስ ፊት ፊቴን እየቀደመ ሄደ። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮት ብቅ ብሎ «ለሐሰት ነው አውራ ጣቴን ያስነከርሽኝ?» አለኝ።

ያን ቀን ሳስበው ሳቄም እፍረቴም እኩል ይመጣሉ። አሁን ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት አያ ደሴ ከፊቴ እንደተቀመጡ አድርጌ አነበዋለሁ። «የሌላ ሰው ቃል ነው» ያሉኝን እሰርዘዋለሁ።