የእማማ ዘነበች መንጋጋ

ሱዳን ውስጥ፣ ካርቱም ሁለት የሚባል ሰፈር፣ የጥርስ ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ቀን ሙዲሩ፣ ማለት አለቃችን ዶክተሩ፣ አዲሱን ባለሦስት አቅጣጫ ራጅ እየደባበሰ «አንተ ቁልፍ ትጫናለህ፤ ማንበብ የኔ ሥራ ነው» አለኝ። አገሬ ላይ ስንት ዓመት ራጅ ያነሳሁ ሰው ነኝ! ደሜ ፈላ። ግን እንጀራ ነውና ዋጥኩት።

ማሽኑ በታካሚው ራስ ዙሪያ ይዞርና መንጋጋውን እንደ ዳቦ ቆራርጦ ያሳያል። ጥርስ ወልቆ ዓመታት ሲያልፉ አጥንቱ እየሳሳ ይሄዳል። አረጋውያን ላይ በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ከሚያልፈው የከንፈር ነርቭ በላይ የሚተርፈው አጥንት ትንሽ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሸከመው ብሎን ከመግባቱ በፊት ያቺ ትንሽ አጥንት በሚሊሜትር ትለካለች።

እማማ ዘነበች አል-ማንሺያ ሰፈር ሰው ቤት ሲሠሩ ያረጁ ጎንደሬ ነበሩ። የታች ጥርሳቸው አልቋል። ብረት ነክ ነገር እንዲያወልቁ ስነግራቸው ጉትቻቸውን ሰጡኝ። አንገታቸው ላይ ጥብቅ ባለው ማተብ ግን የብር መስቀል አለ።

«ማተቤን? እሱማ አብሮኝ ነው የሚቀበር! ተወኝ ልጄ።»

እኔም ማተብ አሳሪ ነኝ፤ አፈርኩ። መስቀሉን ወደ ማጅራታቸው አዙሬ ራጁን አነሳሁ። አገጫቸውን ማስደገፊያው ላይ ሲያሳርፉ ክሩ ወደ ላይ ሸሽቶ ኖሯል። መስቀሉ ምስሉ ላይ ነጭ ጭረት ጥሎ በግራ በኩል የነርቩን መስመር ሸፈነው።

«ዶክተር፣ እዚህ ጋ አይታይም። እንድገመው» አልኩ።

«ኻላስ፣ በቃ! አጥንቱ ይበቃል። ያላ፣ ቀጣዩን ታካሚ አስገባ።»

ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ አስገባሁ።

ዶክተሩ የተከለው ብሎን ነርቩን ጎዳው። ከወር በኋላ እማማ ሲመጡ ግማሽ ከንፈራቸው ደንዝዟል፤ ሻይ ሲጠጡ በአገጫቸው ይወርዳል፣ አይሰማቸውም። ሙዲሩ «ዕድሜ ነው፣ ኢንሻአላህ ይሻላታል በላት» አለኝ።

«አልልም! ያጠፋነው እኔና አንተ ነን!» ብዬ ታካሚ ሁሉ እየሰማ ጮህኩበት። ለእማማም እውነቱን አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

እሳቸው አገጫቸውን በነጠላቸው ጠርገው «ተው አትቆጣ ልጄ፤ አንተ እኮ ማተቤን አክብረህልኛል» አሉኝ። በጥፊ ቢያጮሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መሳቢያዬ ውስጥ አዲስ ክር አይጠፋም። መጀመሪያ አዲሱ ይታሰራል፣ ከዚያ አሮጌው ከነመስቀሉ ይፈታል። አንገት ባዶ አይሆንም፤ ሁለት ደቂቃም አይፈጅም።

እናንተም ራጅ የምታነሱ፣ የማይነበብ ምስል አታስረክቡ። አለቃ ቢቆጣ ይቆጣ፤ የሚደነዝዘው የእሱ ከንፈር አይደለም።