በቤተሰብ ቅጻችን ያስገባሁት እንግዳ

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ለሳምንት ብሎ የመጣ የአባቴ ዘመድ፣ ካዛንቺስ እናቴ በተከራየችው የቀበሌ ቤት ሁለት ዓመት ተቀመጠ። መታወቂያ ያውጣ ብዬ፣ እናቴን ለምኜ በቤተሰብ ቅጻችን ያስመዘገብኩት ደግሞ እኔው ነኝ! ውጣ ስለው፣ «እኔም ተመዝግቤያለሁ፤ እንዲያውም አንቺ አግቢና ውጪ!» አለኝ።

ዕቃውን ደጅ ልወረውር ስነሳ፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ ጎረቤታችን «ተይ የኔ ልጅ፣ ያን ጊዜ ጥፋተኛዋ አንቺ ትሆኛለሽ። ክሰሱት» አሉኝ። ማመልከቻውንም በእጃቸው ጻፉልን። እግዜር ይስጣቸው፣ ውለታቸውን ዛሬም አልረሳም። ችሎቱ መመዝገብ ብቻውን ተከራይ አያደርግም ብሎ በአንድ ወር እንዲለቅ ወሰነ።

በወሩ ለቀቀ። እናቴም አብራው ታክሲ ተሳፍራ ሄደች፤ ጎተራ ሰፈር የተከራያትን ክፍል ጠርጋ፣ ፍራሹን አንጥፋለት ተመለሰች።