ስልሳ ሦስት የጳጉሜን ቀናት

አቶ ወልደአረጋይ ሥርዓት ያላቸው ሰው ናቸው ይባል ነበር። ካዛንቺስ፣ ከዑራኤል በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለው የውኃ ጥናት መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሲያገለግሉ አንድ ቀን አርፍደው አልገቡም። ጀማሪ መሐንዲስ ቁጥር ሲያሳስት ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው አንሥተው፣ «ወንዝ አይዋሽም፤ የሚዋሸው ሰነፍ ነው» ይሉ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. የካቲት ላይ መሥሪያ ቤቱ የአንድ ትልቅ ጥናት ዕቅድ ማውጣት ጀመረ። ጥናቱ የአንድ አካባቢ ዘጠኝ ወንዞች ዛሬ ምን ያህል ውኃ እንደሚሰጡ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላስ ለሚበዛው ሕዝብ ይበቁ እንደሆነ የሚመረምር ነበር። የትኛው ወንዝ በጥናቱ ይግባ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን የሚለዩት አቶ ወልደአረጋይ ነበሩ። ስምንቱን አስገቡ፤ ሁርሳ የተባለውን ወንዝ ግን በቀይ ሰረዙት።

«ጋሼ፣ ሁርሳ ምን በደለዎት?» አለች ሀኒ። ከተመረቀች ሁለት ዓመት ያልሞላት መሐንዲስ ናት። «ማለቴ፣ ሁለት ከተሞች እኮ ከሱ ሊጠጡ ነው።»

«መዝገቡ አይታመንም። የወንዙን ከፍታ አሥራ ሁለት ዓመት የመዘገበው ሰው በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ ሥራውን ጥሎ ለበዓል ይሄድ ነበር። ያውም ወንዙ በሚሞላበት ጊዜ!»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ? አንድ ቀን ሳያዛንፍ? በቃ፣ ሰውየው ከእርስዎም የባሰ ሥርዓት አለው ማለት ነው!» ብላ ሳቀች።

ሳቋ ቆረቆራቸው። አፏን ሊያስዘጓት ወደ መዝገብ ክፍል ወርደው፣ ቡልቻ የተባለው ሰው ከ1977 እስከ 1988 ዓ.ም. ጧትና ማታ የውኃውን ከፍታ የጻፈባቸውን ደብተሮች ከካርቶን አወጡ። የታተመው ደብተር ለአሥራ ሁለቱ ወራት አንድ አንድ ገጽ ሲኖረው፣ ለጳጉሜን ገጽ አልነበረውም። አቶ ወልደአረጋይ የነሐሴን ገጽ ገለጡ። ከጀርባው፣ በእርሳስ በተሰመረ መስመር ላይ፣ ጳጉሜን 1 ጧት፣ ጳጉሜን 1 ማታ እያለ እስከ አምስት ወርዷል። የ1978ቱንም ገለጡ፤ አለ። በ1979 ስድስተኛይቱ ቀን እንኳ አልተዘለለችም። በጠቅላላው ስልሳ ሦስት ቀን ቆጠሩ።

ቁጥሮቹን በ1989 ዓ.ም. መግቢያ ወደ ኮምፒዩተር ሲያስገለብጡ፣ የገጹን ፊት ብቻ ያዩት እርሳቸው ነበሩ። በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሰላ ከየነሐሴው ቀጥሎ የቀናት ክፍተት በተገኘ ጊዜ፣ ለበዓል ሄዶ ነው አሉ እንጂ ለምን ብለው አልጠየቁም። ቡልቻን ከሥራ ያሰናበተውን ደብዳቤ በገዛ እጃቸው አርቅቀው ፈርመዋል።

ደብተሮቹን ወደ ካርቶናቸው ቢመልሱ የሚያውቅባቸው አልነበረም። ይህን ማሰባቸው ራሱ ጆሯቸውን አጋለው። ዕቅዱ የሚጸድቅበት ስብሰባ በዚያው ከሰዓት በኋላ ነበርና ደብተሮቹን ታቅፈው ገቡ።

«የሁርሳ የጎደሉት ቀናት ተገኝተዋል» አሉ፤ ማን እንዳጎደላቸው ግን መናገር አቃታቸው።

«ልምድ ማለት ይህ ነው!» አሉ የመምሪያው ኃላፊ አቶ አምኃ። ቤቱ አጨበጨበ። «በአቶ ወልደአረጋይ ትጋት ወንዙ ወደ ጥናቱ ተመለሰ ተብሎ በቃለ ጉባኤው ይያዝ።»

ጭብጨባው እንደ ጥፊ ተሰማቸው። የተቀመጡበት ወንበር አላስቀምጥ አላቸውና ተነሡ።

«በእኔ ጥፋት ተብሎ ይጻፍ። ሰውየው መዝግቧል፤ ገጹን ያልገለጥሁት እኔ ነኝ። ያባረርሁትም እኔ ነኝ።»

«ኧረ ይተዉት፣ የቆየ ነገር ነው!» አሉ አቶ አምኃ።

«ሰውየው በሕይወት ካለ አልቆየም፤ ይጻፍ።»

በማግስቱ ሀኒ ከወረዳው ጠይቃ የቡልቻን ስልክ አገኘች። ደውላ መነጋገሪያውን አቀበለቻቸው።

«ወልደአረጋይ እባላለሁ፤ ከአዲስ አበባ፣ ከውኃ መሥሪያ ቤት።»

«ደብዳቤውን የጻፉት?»

«አዎ። ጳጉሜኖቹን አየኋቸው።»

«ጀርባው ላይ?»

«ጀርባው ላይ።»

«ይህንኑ ልነግርዎት ያኔ እዚያ ድረስ መጥቼ ነበር። ሁለት ቀን በር ላይ ቆምሁ። ‹በጽሑፍ ያቅርብ ብለዋል› አለኝ ዘበኛው።»

አቶ ወልደአረጋይ አስታወሱ። ከሻይ ብርጭቋቸው ቀና ሳይሉ ነበር እንዲያ ያሉት።

«አቶ ቡልቻ፣ በድዬዎታለሁ። መሥሪያ ቤቱ የይቅርታ ደብዳቤ...»

«ደብዳቤስ አንድ ደርሶኛል! የቀበሌው ሊቀ መንበር ገበያ መካከል ቆሞ አነበበው። ‹ወንዝ ጠብቅ ቢሉት ድግስ ጠበቀ› ብለው ሲስቁብኝ ሚስቴ ቆማ ትሰማ ነበር። ይኸኛውን እርስዎ መጥተው ያንብቡት።»

«እመጣለሁ። ሰኞ ልነሣ።»

«ሰኞ ማን አለና? ገበያው ቅዳሜ ነው። ሰው የሚሞላው አምስት ሰዓት ላይ ነው።»

«አምስት ሰዓት» አሉ አቶ ወልደአረጋይ፤ ሀኒ ፊታቸውን እንዳታይ ወደ ግድግዳው ዞረው።