ፊት ላይ የማያስታውቅ ስፖርት

ከአዳማ ሁሩታ ከሚመላለሱት የሚኒባስ ሹፌሮች መካከል እንደ ኢተፋ ጨዋታ አዋቂ የለም። ተራው እስኪደርስ መናኸሪያውን በሳቅ ሲያፈርሰው ነው የሚውለው። ታዲያ ይህ ሰው አምሳን ከደፈነ ወዲህ ቤቱ ሲገባ ድምፁ ይጠፋ ጀመር። አልጋ ላይ ጉልበቱ ከድቶት ነበራ። መጀመሪያ ድካም ነው አለ፤ ቀጥሎ ወገቤን አለና ሳሎን ሶፋው ላይ ማደር አዘወተረ። ለወገብ ይበጃል እያለም ሶደሬ ፍል ውሃ ተመላለሰ። ውሃው ምን ያድርግ፣ ወገቡን አላመመው።

ሚስቱ ዲንቄ ሌላ ነገር ጠረጠረች። ሶደሬ ማን አለችህ ብላ አልጠየቀችውም። ድሮ በእጁ ታቀብለው የነበረውን ሻይ ግን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች ዞር ማለት ጀመረች። ኢተፋ ይህቺን ሲያይ ሆዱ ባባ። ያለ ዲንቄ እሱ መሪ የሌለው መኪና ነው።

እንደምንም ደፍሮ ክሊኒክ ሄደ። ሐኪሙ ስኳሩንም ደም ግፊቱንም መርምሮ ደህና ነዎት አለውና፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ እንደሚውል ሲሰማ ስፖርት አዘዘለት። ሽንት መሃል ላይ ለመግታት የሚጨበጠውን ጡንቻ ጨብጦ መያዝ፣ ከዚያ መልቀቅ፤ በየቀኑ፣ ለወራት። ተቀምጦም ይሠራል መባሉ ኢተፋን አስፈነደቀው። መቀመጥማ ሥራው አይደል?

ግን በሐፍረት አቀርቅሮ ስለሰማ ግማሹ አምልጦታል። መሪውን ጨምድዶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ቂጡንም ሆዱንም አጠንክሮ ጥርሱን ይነክሳል። አንድ ቀን ከተሳፋሪዎቹ መካከል እማማ ቀመሪያ የሚባሉ የሁሩታ ስንዴ ነጋዴ ፊቱን በመስታወቱ አይተው አዘኑለት።

"ልጄ፣ ከጨነቀህ አቁምና ውረድ። እኛ እንጠብቅሃለን።"

እሑድ ጠዋት ሶፋው ላይ ሲለማመድ ዲንቄ ደረሰችበት። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ልቡን ያመመው መስሏት ተንደርድራ ደረቱን ያዘችው።

"አባ ቢሊሴ፣ ምንህን ነው?"

መዋሸት አቃተው። ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ ሶፋውንም፣ ሶደሬንም፣ ሐኪሙንም ዘረገፈላት።

ዲንቄ አጠገቡ ተቀመጠች። ልጃቸውን ቢሊሴን የወለደች ጊዜ ሽንቷ አልያዝ ብሏት፣ አዋላጇ ይህንኑ ስፖርት አስተምራት እንደነበር ነገረችው። ሽንኩርት እየላጠች ስትሠራው እሱ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ዜና ያይ ነበር።

"እኔስ ሌላ ሴት መስሎኝ" አለች፣ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች። "በል አሁን ቂጥህን ልቀቅ። ሆድህንም። ተንፍስ እንጂ። ከውስጥ ብቻ ወደ ላይ ነው የሚሳበው።"

"ይኸው።"

"አሁንም አፍህን አጣመህ። በደንብ ሲሠራ ፊት ላይ አያስታውቅም።"

ሁለቱም ሳቃቸው አመለጣቸው። ሲስቁ ደግሞ ጡንቻው ፈጽሞ አይጨበጥም።

ጉልበቱ የተመለሰው ቀስ እያለ፣ ከወራት በኋላ ነው። ሶፋው ግን የዚያኑ ዕለት ባዶውን አደረ፤ በማግስቱም ሻዩ ከዲንቄ እጅ ወደ ኢተፋ እጅ ተሻገረ።