በመዳፍ የተሸፈነ ዓይን

ታላቅ ወንድሜን የገንዳ ውሃ ከተማ ሰው «ልጅ አስለቃሽ» ሲላቸው ኖረ፤ ግፍ ነውና ይመዝገብልኝ።

በሱቃቸው በር ለሚያልፍ ሕፃን ሁሉ ከረሜላ ያሳዩና አንድ ዓይኑን፣ ቀጥሎም ሌላውን በመዳፋቸው ይሸፍኑ ነበር። የልጅ ልጄ ግራ ዓይኗ ሲሸፈን ሳቀች፤ ቀኙ ሲሸፈን ግን እጃቸውን ገፍታ ጮኸች።

«ጋሼ፣ ምነው ልጄን ባይነኩብኝ!» አልኳቸው።

«ወዲያ! ግራው ደህና አያይላትም። እዪው፣ ወደ አፍንጫዋ ሸሸት ይላል። ጎንደር ውሰጃት።»

ሐኪሙ መነጽር አዘዘላት፤ ደህናውን ዓይን እየሸፈንን የደከመውን አበረታነው። ዛሬ በሱቁ በር የወንድሜ ወንበር ባዶ ነው፤ እሷ ግን በዚያ ስታልፍ አንድ ዓይኗን በመዳፏ ትሸፍናለች።

የሳቸው ዓይን ከልጅነት ጀምሮ የተንሸዋረረ ነበር። «ሰው እየሰደበዎ ለምን አይተዉትም?» ስላቸው ከረሜላቸውን መደርደር ይጀምሩ ነበር። ታመው ሲተኙ መለሱልኝ፦

«እቴ፣ እኔን በልጅነቴ ዓይኔን ሸፍኖ ያየኝ ሰው አልነበረም።»